ኮምፒውተሩ ለሪሲቨሩ ትእዛዝ ይልካል፣ ቻናሉ ተቀየረ አልተቀየረ ግን በምን ያውቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ቲቪው ስር ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር አለኝ፣ ከሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ካፕቸር፣ ምስሉን ወደ ኮምፒውተሩ በሚያስገባው መሳሪያ፣ አገናኝቼዋለሁ። ቻናል የሚቀይርልኝ ሪሲቨሩ ፊት ላይ የለጠፍኩት ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ፣ እንደ ሪሞት የምትልክ ትንሽ መብራት፣ ነው። እኔ እያየሁት ስሞክረው ጥሩ ይሰራል። ማታ ተኝቼ ወይ ሥራ ቦታ ሆኜ ያስያዝኩት ፕሮግራም ግን አንዳንዴ ሌላ ቻናል ሆኖ፣ አንዳንዴ ጥቁር ሆኖ ነው የማገኘው። በተለይ 155 ሂድ ስለው 15 ላይ ሄዶ ቁጭ ይላል። ምን ይሻለኛል?»

ሰላም ወንድሜ፣ የ155ቷን ነገር መጥቀስህ በጣም ጥሩ ነው፣ እሷ ብቻዋን ከችግሩ አንዱ የት እንዳለ ትናገራለች፣ ወደሷ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ዋናውን ነገር ላስቀምጥ። ኢንፍራሬድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ኮምፒውተሩ 1፣ 5፣ 5 ብሎ ይልካል፣ ሪሲቨሩ ጠፍቶ ይሁን፣ ሜኑ ውስጥ ይሁን፣ አንዷን ቁጥር ሳይሰማ አልፏት ይሁን ምንም የሚመለስለት መልስ የለም። አንተ ሪሞት ስትይዝ ዓይንህ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ካልተቀየረ ሳታስበው ደግመህ ትጫናለህ፣ «እያየሁት ይሰራል» ያልከውም ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ላከ፣ በቃ፣ ጨረስኩ ብሎ መቅዳት ይጀምራል። ስለዚ ሥራው ሁለት ነው፣ አንደኛ ሪሲቨሩ በምንም ሁኔታ ላይ ቢገኝ ትክክለኛው ቻናል ላይ የሚያደርስ ትእዛዝ መላክ፣ ሁለተኛ ከላከ በኋላ የምር መድረሱን ማየት። ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን እንኳን በግማሽ ነው የሚሰራት፣ ሁለተኛዋን ጭራሽ አይነካትም።

ግን ቆይ፣ እዛ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ሪሲቨሩ ለመቅጃ ያስፈልግሃል ወይ? የምትቀዳቸው ቻናሎች ነጻ ከሆኑ፣ ማለቴ ኮድ የማይጠይቁ ከሆኑ፣ አያስፈልግህም። ዲቪቢ-ኤስ2 የሚባለውን የሳተላይት መቀበያ ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክተህ የዲሹን ኬብል ቀጥታ ታስገባለታለህ፣ በዩኤስቢ የሚሰካም አለ። ካርዱ ራሱ ለኤልኤንቢው፣ ዲሹ ላይ ላለችው ሲግናል መቀበያ፣ 13 ቮልት ሲልክ ቨርቲካል (ቁም)፣ 18 ቮልት ሲልክ ሆሪዞንታል (አግድም) ሲግናል ይይዛል፣ 22 ኪሎኸርዝ ቶን ሲጨምርበት ሃይ ባንድ (ላይኛውን የፍሪኩዌንሲ ክፍል) ይከፍታል፣ ከአንድ በላይ ኤልኤንቢ ካለህ ዳይሴክ በሚባለው የመምረጫ ትእዛዝ ይመርጣል። ሪሲቨርህ የሚሰራው ይሄንኑ ነው። ልዩነቱ ካርዱ ሲግናሉን ይዞ (ሎክ አድርጎ) እንደሆነና እንዳልሆነ ለሶፍትዌሩ ይናገራል፣ የሲግናሉን ጥራት ሳይቀር ይሰጥሃል፣ ስለዚ የጭፍን ነገር የሚባል የለም። በዛ ላይ ፋይሉ ከሳተላይቱ የወረደው ዳታ ራሱ ነው፣ እንደገና ኢንኮድ አይደረግም፣ ጥራት አይቀንስም፣ ኮምፒውተሩም አይጨነቅም። አንድ ትራንስፖንደር ላይ ያሉ፣ ማለትም በአንድ የሳተላይት ፍሪኩዌንሲ አብረው የሚወርዱ ቻናሎችን ደግሞ ሁለትም ሶስትም ባንዴ በአንድ ካርድ መቅዳት ትችላለህ፣ ይሄንን በሪሲቨርና በካፕቸር መቼም አታገኘውም። መቅጃ ሶፍትዌሩ ቲቪሄድኤንድ ወይ ሚዝቲቪ ሊሆን ይችላል፣ ማሳያው ኮዲ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። የአንዱን ኤልኤንቢ ኬብል በተራ ስፕሊተር ለሪሲቨሩም ለካርዱም ካካፈልከው ይጣላሉ። አንዱ 13 ሌላው 18 ቮልት ይልካል፣ ኤልኤንቢው ትልቁን ሰምቶ ይሄዳል፣ ከሁለቱ ባንዱ ላይ ግማሹ ቻናል ይጠፋል። መውጫው ሁለት የሆነ ኤልኤንቢ ግዛና ለያንዳንዳቸው የራሳቸው ኬብል ይድረሳቸው።

ቻናሎችህ የክፍያ ካርድ የሚፈልጉ ከሆኑና ሪሲቨሩ ግድ ከሆነ ቀጣዩ የማየው ነገር የኔትወርክ ሶኬቱን ነው። ሪሲቨሩ ኢኒግማ2 የሚባለው ሶፍትዌር ያለው ከሆነ፣ ድሪምቦክስና ቪዩ ፕላስ የሚሉት ዓይነት ማለት ነው፣ ኤልኢዲውን ነቅለህ አስቀምጠው። እነዚህ ላይ ኦፕንዌብኢፍ የሚባል የዌብ ገጽ አለ፣ ከኮምፒውተሩ በአንድ ተራ የዌብ አድራሻ ጥሪ ቻናል ትቀይራለህ፣ ከስታንድባይ ታስነሳለህ፣ አሁን የትኛው ቻናል ላይ ነህ ብለህ ትጠይቀዋለህ፣ ይመልስልሃል። እንዲያውም ካፕቸሩም አያስፈልግህም፣ ፖርት 8001 ላይ የቻናሉን መለያ ስትሰጠው ስትሪሙን እንዳለ በኔትወርክ ያወጣልሃል፣ ኮምፒውተሩ እሱን ተቀብሎ ፋይል ላይ ይጽፈዋል። ሪሲቨሩ ስታንድባይ ላይ ሆኖም ይሄ ይሰራል፣ ዲፕ ስታንድባይ ላይ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ስለተዘጋ አይሰራም። ኮዲ ላይ ኢኒግማ2 ክላየንት የሚባል አድኦን አለ፣ ቻናሉንም ታይመሩንም እዛው ያመጣልሃል። ሳትአይፒ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ የሳተላይት ሲግናልን በኔትወርክ የሚያወጣ መሳሪያ ካለህም ቲቪሄድኤንድ ልክ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ካርድ ነው የሚያየው።

ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ዘጠኝ ቀዳዳ ያላት የድሮዋ ሲሪያል ሶኬት፣ አርኤስ-232፣ ካለች ደስ አይበልህ ገና። ብዙዎቹ ላይ እሷ ሶፍትዌር መጫኛ ብቻ ናት፣ ቻናል ቀይር ብትላት አትሰማም። የሚሰሙ አሉ፣ ከሰሙ ደግሞ ከኢንፍራሬድ አሥር እጥፍ የተሻለ ነው፣ መልስ ስለሚሰጡ። የሪሲቨርህ ማኑዋል ላይ የትእዛዝ ዝርዝር ካለ ብቻ ድከምበት። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የአርዱዊኖን ወይ የሌላ ትንሽ ቦርድ ፒን ቀጥታ እዛች ሶኬት ላይ እንዳትሰካ፣ ሲሪያሉ ከዜሮ በታችና በላይ ብዙ ቮልት ነው የሚጫወተው፣ ቦርዱን ያቃጥለዋል። መሃል ላይ መቀየሪያ ይኑር፣ ወይ ዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይረውን ኬብል ተጠቀም።

ኤችዲኤምአይ-ሲኢሲን፣ በኤችዲኤምአይ ኬብሉ በኩል ትእዛዝ መላኪያውን፣ ብዙ ሰው ይመክራል። ኬብሉ ውስጥ ያለችው 13ኛዋ ፒን ናት ትእዛዙን የምትወስደው። የተለመደው የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ሲኢሲ ስለማያወጣ ለብቻው አዳፕተር መግዛት አለብህ፣ ከዛ በኋላም ሪሲቨሩ ማብራትና ማጥፋቱን ተቀብሎ ቁጥሮቹን አልቀበልም ሊል ይችላል። ለማብራት ግን አሪፍ ነው፣ ምክንያቱም በርቷል ወይ ብለህ መጠየቅ ይቻላል። እኔ ከኢንፍራሬድ ጋር አጣምሬ ነው የምጠቀመው፣ ማብራቱ በሲኢሲ ቁጥሩ በኤልኢዲ።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ የለኝም ካልክ ወደ ኤልኢዲህ እንምጣ፣ ነገሩ ብዙ ያለው እዚህ ነው።

የ155ቷ ምክንያት እንዲህ ነው። አርሲ5 የሚባለው የሪሞት ቋንቋ ውስጥ፣ ፊሊፕስ ያወጣው ነው፣ እያንዳንዱ መልእክት 14 ቢት ነው፣ ከነሱ አንዷ ቶግል ቢት ትባላለች። አዝራሩን ለቀህ ደግመህ በተጫንክ ቁጥር ሪሞቱ ያቺን ቢት ይገለብጣታል፣ 0 ከነበረች 1፣ 1 ከነበረች 0። ሪሲቨሩ 5 ቁጥር ተከታትላ ስትመጣለት ሰውየው አዝራሩን ይዞ ነው ያለው ወይስ ሁለቴ ነው የተጫነው የሚለውን የሚለየው በዛች ብቻ ነው። አርሲ6ም ቶግል አለው። አሁን አንተ ሪሞቱን ለሊርክ፣ ሊኑክስ ላይ የሪሞት ትእዛዝ ለሚቀዳውና ለሚልከው ሶፍትዌር፣ ስታስተምር፣ ሶፍትዌሩ ቋንቋውን መለየት አቅቶት የመብራቱን ብልጭታ እንዳለ በጥሬው ቀድቶት ከሆነ፣ የ5 ቁጥር ቅጂ ውስጥ ቶግሏ በዛች ቅጽበት በነበረችበት ደርቃ ቀርታለች። ስለዚ ሁለቱ 5ቶች ሲላኩ ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሪሲቨሩ «አልለቀቀውም» ብሎ አንዷን ይተዋል፣ 15 ላይ ትደርሳለህ። 122፣ 300፣ 411 የመሳሰሉትም ላይ ይሄው ይገጥምሃል፣ 152 ግን ምንም አይሆንም፣ ዛሬውኑ ሞክረህ አረጋግጥ።

መፍትሄው የሊርክ ማዘጋጃ ፋይሉን ከፍተህ ማየት ነው። ለያንዳንዱ አዝራር ረጅም የቁጥር ሰልፍ ተደርድሮ ካየህ ጥሬ ቅጂ ነው። ለያንዳንዱ አዝራር አንድ አጭር ኮድ ብቻ ካለና የቶግሏ ቦታ ከላይ ከተጠቀሰ ግን ትክክል ነው፣ ሶፍትዌሩ ራሱ እየገለበጠ ይልካታል። ጥሬ ከሆነ እንደገና አስተምረው፣ በዚህ ጊዜ ሪሞቱን ወደ መቀበያው ቀረብ አድርገህ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ፀሐይ ወይ ፍሎረሰንት መብራት እንዳያርፍ አድርገህ፣ አዝራሩን ሶፍትዌሩ እስኪነግርህ ሳትለቅ ይዘህ። አልሆንም ካለ 5ን ሁለቴ በሁለት ስም አስተምራት፣ አንዴ ቶግሏ 0 ሆና አንዴ 1 ሆና፣ ማለትም ተጭነህ ቅዳ፣ ልቀቅ፣ ከዛ መሃል ላይ ሌላ ሳትጫን እንደገና ተጭነህ ቅዳ፣ ስክሪፕቱ (ትእዛዞቹን በተርታ የሚልከው ፋይል) እያፈራረቀ ይላካቸው። ይሄ ሁሉ ራስ ምታት ከሆነብህ ደግሞ ቀላሉ፣ ሪሲቨሩ ላይ የምትቀዳቸውን ቻናሎች ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር ጎን ለጎን ወደሌለበት ቦታ አዛውራቸው። 155ን 152 ላይ ካስቀመጥካት ጥያቄው አለቀ።

ኔክ የሚባለው ሌላው ቋንቋ ቶግል የለውም። እሱ 9 ሚሊሰከንድ ረጅም ብልጭታ፣ 4.5 ሚሊሰከንድ ዝምታ፣ ከዛ 32 ቢት ይልካል፣ አዝራሩ ከተያዘ ደግሞ ሙሉውን መልእክት አይደግምም፣ አጭር የድግግሞሽ ምልክት ብቻ ነው የሚልከው። እዛ ላይ ቁጥር ሲጠፋ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ፍጥነት ነው፣ ሪሲቨሩ የመጀመሪያዋን ቁጥር ስክሪኑ ላይ እየሳለ ሁለተኛዋ ትደርስበታለች። በቁጥሮቹ መሃል ግማሽ ሰከንድ ገደማ ክፍተት ስጥ። ግን በጣም ከዘገየህ ሪሲቨሩ «ጨርሷል» ብሎ 15 ላይ ይሄዳል፣ አብዛኞቹ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው የሚታገሱት። መካከለኛውን ፈልግ፣ መጨረሻ ላይ ኦኬ ላክ፣ ኦኬ ከተላከ ሳይጠብቅ ወዲያው ይቀይራል።

የሚገርመው ሰው የሚረሳት ነገር የመጀመሪያዋ ትእዛዝ ናት። ስክሪፕትህ ቀጥታ ቁጥር ከመላክ አይጀምር። ኤግዚት ላክ፣ አንዴ ጠብቅ፣ እንደገና ኤግዚት ላክ። ማታ ማንም ሳያየው ሪሲቨሩ ላይ ሜኑ ተከፍቶ ቀርቶ፣ «ሲግናል የለም» የሚል መልእክት መጥቶ፣ አዲስ ሶፍትዌር ልጫን ወይ የሚል ጥያቄ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ሜኑ ውስጥ ሆኖ 155 ብትልክለት ቻናል አይቀይርም፣ ሌላ ነገር ነው የሚነካብህ። አንዳንድ ሪሲቨር ላይ ግን ኤግዚት ባዶ ስክሪን ላይ ሲጫን ወደ ቀድሞው ቻናል ይመልሳል ወይ ሌላ ነገር ይከፍታል፣ ያንተው ላይ ምን እንደሚያደርግ መጀመሪያ በእጅህ እየው። ቻናል አፕና ዳውንን ደግሞ ለስክሪፕት ጨርሶ አትጠቀም፣ እነሱ ከየት እንደተነሳህ ካላወቅክ የት እንደምትደርስ አታውቅም። ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር።

የኤልኢዲውን አቀማመጥ በቶሎ ልለፈው። ሪሲቨሩ ፊት ላይ ሴንሰሩ የት እንዳለ ለማየት ባትሪ ወይ የስልክ መብራት ከጎን አብራበት፣ ከጥቁሩ ፕላስቲክ ጀርባ ክብ ወይ ካሬ ነገር ታያለህ፣ ኤልኢዲውን እዛ ትይዩ ለጥፈው። መብራቱ 940 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ በዓይን አይታይም፣ በስልክ ካሜራ ግን ሲልክ ሲበራ ታየዋለህ፣ የኋላው ካሜራ ካላሳየህ የፊቱን ሞክር፣ የኋላዎቹ ብዙ ጊዜ ኢንፍራሬድ የሚያግድ ፊልተር አላቸው። አንዳንዴ ኤልኢዲው ሴንሰሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ተጣብቆ ብርሃኑ ስለሚበዛበት ይሳሳታል፣ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ብታርቀው ይስተካከላል። ፍሪኩዌንሲውንም አረጋግጥ፣ ኔክ 38 ኪሎኸርዝ ነው፣ አርሲ5ና አርሲ6 36፣ የሶኒ 40። በትንሽ ልዩነት ቢሳሳትም ከቅርብ ይሰራል፣ ግን አንዳንዴ ብቻ፣ ያ ደግሞ ከማይሰራው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ደህና ነው ብለህ ትተወዋለህ። መላኪያህ ራሱ ደካማ ከሆነ ኢኤስፒ8266 ወይ ኢኤስፒ32 የምትባለዋ ትንሽ ቦርድ ከትራንዚስተርና ኤልኢዲ ጋር በጣም ጥሩ መላኪያ ትሆናለች፣ ብዙ የሪሞት ቋንቋ የሚያውቅ ዝግጁ ላይብረሪ አላት፣ በዋይፋይም ታዝዛታለህ።

አሁን ወደ ጥቁሩ ቅጂ። ይሄ መቶ በመቶ ባይሆንም ብዙውን ጊዜ የፓወር አዝራሩ ጉዳይ ነው። ሪሞቱ ላይ ያለው ፓወር አንድ ብቻ ነው፣ ከጠፋ ያበራዋል፣ ከበራ ያጠፋዋል። ስክሪፕትህ «መቅዳት ከመጀመርህ በፊት ፓወር ላክ» የሚል ከሆነና ሪሲቨሩን ቀድሞውኑ በርቶ ካገኘው፣ ያጠፋልሃል፣ ከዛ ሁለት ሰዓት ጥቁር ትቀዳለህ። አንዳንድ ሪሲቨሮች ሪሞታቸው ላይ የሌለ፣ ለማብራት ብቻና ለማጥፋት ብቻ የሆነ የተለየ ኮድ ይቀበላሉ፣ ለሞዴልህ ካገኘህ እሱን ብቻ ተጠቀም። ከሌለ ግን በጭፍን ፓወር አትላክ፣ መጀመሪያ ካፕቸሩ ላይ ሲግናል አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ሲግናል ካለ አትንካው። ከሌለ አንዴ ላክ፣ እስኪነሳ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ ደግመህ እይ። ስታንድባይ ሆነውም ጥቁር ስክሪን በኤችዲኤምአይ የሚያወጡ ሪሲቨሮች ስላሉ ሲግናል መኖሩ ብቻ አይበቃህም፣ ምስሉ ጥቁር መሆን አለመሆኑንም እይ። ኃይል የሚለካ ስማርት ሶኬት ካለህ ደግሞ ከዚህም ይቀልልሃል፣ ሪሲቨር በርቶ ሲሰራና ስታንድባይ ሲሆን የሚወስደው ዋት በጣም ስለሚለያይ ቁጥሩን አይቶ መወሰን ይቻላል።

ሌላው የጥቁር ምክንያት ሪሲቨሩ ራሱ ነው። ብዙዎቹ ሪሞት ሳይነካ ሦስት አራት ሰዓት ካለፈ ሰው የለም ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ይሄን ዝጋው። መዝጊያ ከሌለው ረጅም ቅጂ ላይ ስክሪፕቱ በየሰዓቱ ምንም የማይቀይር አዝራር ይላክ፣ ድምጽ መጨመሪያና ወዲያው መቀነሻ ለምሳሌ፣ ስክሪኑ ላይ ለሰከንድ ባር ታያለህ፣ ቅጂውን ከማጣት ይሻላል። እዛው ሴቲንግ ውስጥ ሳለህ ሁለት ነገር ጨምር። የኤችዲኤምአዩን ሪዞሉሽን «አውቶ» ከሚለው አውጥተህ አንዱ ላይ ቁርጥ አድርገው፣ ቻናል ሲቀየር ሪዞሉሽኑም ከተቀየረ ካፕቸሩ ይቆማል ወይ ይበላሻል። ድምጹን ደግሞ ከዶልቢ ወደ ፒሲኤም (ያልተጨመቀ ድምጽ) ቀይረው፣ ርካሾቹ ካፕቸሮች ዶልቢ አያውቁትም፣ ድምጽ አልባ ፋይል ነው የሚሰጡህ።

ስለ ካፕቸሩ ራሱ አንድ ሁለት ቃል። ኤምኤስ2109 የሚባለው ቺፕ ያለባቸው ትንንሾቹ የዩኤስቢ ካፕቸሮች በዩኤስቢ 2.0 ነው የሚሰሩት፣ 1080 ላይ በሰከንድ 30 ፍሬም በኤምጄፔግ፣ እያንዳንዱን ፍሬም እንደ ፎቶ ጨምቀው፣ ይሰጡሃል፣ ፋይሉ እንዲያንስ ወደ ኤች264 የመቀየሩ ሥራ የኮምፒውተርህ ነው። የቆየ ሊኑክስ ላይ ድምጻቸው 96 ኪሎኸርዝ ሞኖ ነኝ ብሎ ይቀርባል፣ እውነቱ ግን 48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ ነው፣ ድምጹ ግራና ቀኙ ተቀላቅሎ የሚሰማህ ከሆነ ከርነሉን (የሊኑክሱን ዋና ክፍል) አሻሽል። ኤችዲሲፒ የሚባለው መቆለፊያ ያለበት ሲግናል ደግሞ ካፕቸር ካርዱ ላይ ጥቁር ሆኖ ወይ በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ነው የሚታየው፣ ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሰራ ነው። የተወሰነ ቻናል ላይ ብቻ ሁልጊዜ ጥቁር ከሆነ ምክንያቱ እሱ ይሆናል፣ ለነዚያ ሪሲቨሩ የራሱ መቅጃ ካለው እሱን ተጠቀም ወይ አገልግሎት ሰጪው የሚፈቅደውን መንገድ ጠይቅ።

አሁን ወደማምንበት ነገር፣ ማረጋገጡ። ካፕቸሩ እኮ ለኮምፒውተሩ ዓይን ነው፣ እያለህ ነው ያልተጠቀምክበት። ቻናል ስትቀይር ሪሲቨሩ ለጥቂት ሰከንድ የቻናሉን ቁጥርና ስም የያዘ ባነር ከታች ያሳያል አይደል? ቁጥሩን ከላክህ በኋላ ሁለት ሰከንድ ጠብቅና ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም አንድ ፍሬም ብቻ አንሳ፣ ከሱ ላይ የባነሩን ቁጥር ያለበትን ጥግ ብቻ ቆርጠህ አውጣ። መጀመሪያ አንዴ ተቀምጠህ ለምትቀዳቸው ቻናሎች በሙሉ ያቺን ጥግ ቆርጠህ በስማቸው አስቀምጥ። ከዛ ማታ ስክሪፕቱ አዲሷን ቁራጭ ከተቀመጠችው ጋር ያወዳድራል፣ ከተቀራረበ ይቀጥላል፣ ካልተቀራረበ ኤግዚት ልኮ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነ ስልክህ ላይ መልእክት ይልክልሃል። ባነሩ ከጀርባው የሚታይ ግልጽ ዓይነት ከሆነ ማወዳደሩ ያስቸግራል፣ ሴቲንጉ ላይ ግልጽነቱን ዜሮ አድርገው፣ ወይ ቴሰራክት በሚባለው ጽሑፍ አንባቢ ቁጥሩን አስነብበው፣ ትላልቅ ቁጥሮችን ብቻ ፈልግ ካልከው ደህና ነው የሚያነበው። ይሄንን ግን ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ነው የምታደርገው፣ አንድ ካፕቸር ባንዴ ለሁለት ፕሮግራም አይከፈትም፣ መቅጃው ከያዘው በኋላ ፍሬም ላንሳ ብትል ተይዟል ይልሃል። ስለዚ ስክሪፕቱ ከፕሮግራሙ አንድ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይነሳ። ሚዝቲቪም ሆነ ኔክስትፒቪአር የሚባለው ሌላው መቅጃ ሶፍትዌር ቻናል ሲቀይሩ የውጭ ስክሪፕት እንዲጠሩ ማዘዝ ይቻላል፣ የቻናሉን ቁጥር ለስክሪፕቱ ይሰጡታል፣ ይሄን ሁሉ እዛች ስክሪፕት ውስጥ ነው የምታስገባው።

ቀረጻው ላይ ደግሞ ፋይሉን በቲኤስ ወይ በኤምኬቪ ጻፍ፣ በኤምፒ4 አትጻፍ። ኤምፒ4 ማውጫውን መጨረሻ ላይ ነው የሚጽፈው፣ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ፋይሉ በሙሉ አይከፈትም፣ ቲኤስ ግን እስከተቆረጠበት ድረስ ያለው ይታያል። በ8 ሜጋቢት በሰከንድ ብትቀዳ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ነው፣ ዲስክህን በዚህ አስላ። ከፊት ሁለት ደቂቃ ከኋላ አሥር ደቂቃ ጨምርበት፣ ስፖርት ከሆነ ከኋላ ሰላሳ። ግን አንድ ሪሲቨር በአንድ ጊዜ አንድ ቻናል ብቻ ነው፣ ተከታትለው የሚመጡ ሁለት ፕሮግራሞች በተለያየ ቻናል ካሉህ የጨመርካቸው ደቂቃዎች ይጋጫሉ፣ ሶፍትዌሩ አንዱን ይቆርጣል ወይ ጭራሽ ይተወዋል፣ የትኛው እንደሚቀድም አንተ ወስነህ ንገረው።

ኮምፒውተሩን አስተኝተህ በሰዓቱ የምታስነሳው ከሆነ፣ አርቲሲዌክ የምትባለዋን ትእዛዝ እየተጠቀምክ ይሆናል፣ ከእንቅልፍ ሲነሳ የዩኤስቢ ኢንፍራሬድ መላኪያው አንዳንዴ አብሮ አይነሳም። ትእዛዙ ያለስህተት የተላከ ይመስላል፣ ኤልኢዲው ግን አይበራም። «ማታ ተኝቼ» ያልከው ነገር ይሄንንም ያስጠረጥረኛል። ከተነሳ በኋላ ሊርክን ሪስታርት የምታደርግ መስመር ጨምርና ከመላክ በፊት ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ።

የመጨረሻው ሰው ነው። ኮምፒውተሩ እየቀዳ ሳለ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሪሞቱን አንስቶ ቻናል ቢቀይር፣ የተቀየረው ነው የሚቀዳው፣ እሱም ጥፋት የለበትም፣ እየተቀዳ መሆኑን በምን ያውቃል? የምትችል ከሆነ ለመቅጃው ሁለተኛ ሪሲቨር ለብቻው አድርግለት። ሴንሰሩንና ኤልኢዲውን አብረህ ሸፍናቸውና ከኤልኢዲው በቀር ማንም አያዘው፣ መሸፈኛው ግን አልሙኒየም ፎይል ይሁን፣ ጥቁር ፕላስቲክ ለዓይን ጥቁር ቢሆንም ኢንፍራሬድ የሚያሳልፍ ብዙ አለ፣ የሪሞቶች ፊት ላይ ያለው ጥቁር መስኮት ራሱ እንደዛ ነው። ሁለቱ ሪሲቨሮች አንድ ሞዴል ከሆኑ ይሄ ግድ ነው፣ አለዚያ ሳሎን ያለው ሰው የሚጫናት እያንዳንዷ ቁጥር ሁለቱም ላይ ታርፋለች።

እስቲ መጀመሪያ የሊርኩን ፋይል ከፍተህ ጥሬ ቅጂ መሆን አለመሆኑን እይ፣ ከዛ 155ንና 152ን አፈራርቀህ ሞክር። ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ምን ምን ሶኬት እንዳለና ሞዴሉን ብትጽፍልኝ ደግሞ የኔትወርኩ መንገድ ይሆንልህ እንደሆነ አይቼ ስክሪፕቱን አብረን እንሰራዋለን።